የሸዋዓለም በድሉ ሕይወትና የተቆለፈው ቤተ መጻሕፍት

መምህርት ሸዋዓለም በድሉ ከአባታቸው ከአቶ በድሉ ቶኩማና ከእናታቸው ከወ/ሮ ጠጅቱ ገዳ በግንቦት ወር 1956 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ ልደታ፣ ጌጃ ሰፈር ተወለዱ። አባታቸው አብነት ሰፈር ልብስ ሰፊ ነበሩ። በቤቱ ከአንድ ዳዊት በቀር መጽሐፍ የሚባል ነገር አልነበረም፤ እርሱም በጨርቅ ተጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ስለሚቀመጥ ልጅ አይነካውም። መምህርት ሸዋዓለም ያንን ሣጥን ዕድሜ ልካቸውን አልረሱትም። "መጽሐፍ የሚደበቅ ነገር ይመስለኝ ነበር" ይሉ ነበር።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው ልደታ ተከታትለው በ1974 ዓ.ም. ካጠናቀቁ በኋላ መምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ገብተው ተመረቁ። በአርሲ የገጠር ትምህርት ቤቶች ለዓመታት አስተምረው በ1982 ዓ.ም. ወደ ተወለዱበት ሰፈር ተዛወሩ። የተመደቡበትን ትምህርት ቤት ለቀስተኛው ሁሉ ስለሚያውቀው ስሙን አንጠራም፤ ለአንዳንዶቻችን መጥራቱም ያመናል። በዚያን ጊዜ ቤተ መጻሕፍቱ የተሰበረ ዴስክና የጠመኔ ካርቶን የተከመረበት ክፍል ነበር። መምህርት ሸዋዓለም ክፍሉ ይሰጠኝ ብለው ደጅ ሲጠኑ ባልደረቦቻቸው ሳቁባቸው፤ ደህና ማስተማሪያ ክፍል ትቶ አቧራ ውስጥ ልግባ የሚል ሰው አይተው አያውቁም ነበርና። እርሳቸው ግን ወገባቸውን ታጥቀው ጠረጉት፣ መደርደሪያውን አስጠገኑ፣ ክረምት ክረምት እየተማሩም በ1988 ዓ.ም. በቤተ መጻሕፍት ሙያ ዲፕሎማቸውን ተቀበሉ።

በ1983 ዓ.ም. ከአቶ እንድርያስ ተስፋሚካኤል ጋር ጋብቻቸውን ፈጽመው ሰላምንና ኃይለመለኮትን አፍርተዋል። አቶ እንድርያስ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበሩ። የቤተ መጻሕፍቱን መብራት በዕረፍት ቀናቸው የዘረጉት እርሳቸው ናቸው፤ የገዛ ቤታቸው አምፖል ሲቃጠል ግን ሳምንት በጨለማ ያስቀምጧቸው እንደነበር ልጆቻቸው ያስታውሳሉ። አቶ እንድርያስ በ2005 ዓ.ም. በሞት ተለዩ። ከዚያ ወዲህ መምህርት ሸዋዓለም ሐዘናቸውን ሁሉ ይዘው የገቡት ወደዚያው ቤተ መጻሕፍት ነበር።

በቤተ መጻሕፍቱ ለልጆች የሚሰጡት ትምህርት ከአንደኛ ክፍል ይጀምርና በየዓመቱ ይጨምራል። የአንደኛ ክፍል ሕፃናት እጃቸውን ታጥበው፣ ገጹን ከላይኛው ጥግ ይዘው በቀስታ መግለጥ ይማራሉ፤ ጣቱን በምራቅ የሚያርስ ወዮለት። ሦስተኛ ክፍል ሲደርሱ በመጽሐፉ ጀርባ ባለው ቁጥር እየተመሩ የሚፈልጉትን ራሳቸው ያወጣሉ፣ መልሰውም በቦታው ያኖራሉ። አምስተኛ ክፍል ላይ ኮምፒውተር ይመጣል። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ደግሞ በስልክ ያዩትን ሁሉ ከማመናቸው በፊት "ማን ነው ያለው? ከየት አገኘው?" ማለት ይለምዳሉ። ይህ ትምህርት መሐል ላይ ከተቋረጠ ጣሪያ የሌለው ቤት ነው ይሉ ነበር መምህርት ሸዋዓለም። በሕይወታቸው የተመኙት አንድ ነገር ነው፤ አንድ ክፍል ሙሉ ልጆችን ከአንደኛ ተቀብለው፣ ሳይቋረጥ እስከ ስምንተኛ አድርሰው መሸኘት።

በ1999 ዓ.ም. ለትምህርት ቤቱ ኮምፒውተሮች በእርዳታ መጡ። መምህርት ሸዋዓለም እንደ ሕፃን ቦረቁ። ኮምፒውተሮቹ ግን እንዳይበላሹ ተብሎ ላስቲክ ለብሰው ሌላ ክፍል ተቆለፈባቸው። እንግዳ ሲመጣ ላስቲኩ ይገፈፋል፣ ልጆች ከኋላ ተሰልፈው ፎቶ ይነሣሉ፣ እንግዳው ሲሄድ ላስቲኩ ይመለሳል። ማንም በክፋት አላደረገውም። እኛ የወደድነውን እንሸፍናለን፣ ያከበርነውን እንቆልፋለን፤ በየቤታችን ቁም ሣጥን ውስጥ ያለው ደህና ብርጭቆ ለቤቱ ልጅ ወጥቶ ያውቃል? መምህርት ሸዋዓለም አቤት ባሉ ቁጥር ነገ ዛሬ እየተባሉ ዓመታት አለፉ። እስከዚያው የኪቦርዱን ፊደላት በካርቶን ላይ ሥለው ልጆቹን በካርቶን አስተማሩ። በመጨረሻ ክፍሉ ሲከፈት ገመዱን አይጥ በልቶት፣ የሚነሡት ኮምፒውተሮች ጥቂት ሆነው ተገኙ። የዚያን ዕለት እቤት ገብተው እህል አልቀመሱም። በማግሥቱ በተረፉት ማስተማር ጀመሩ።

በ2009 ዓ.ም. አንደኛ ክፍል የገቡትን ልጆች ሲቀበሉ ጡረታቸው የሚደርሰው እነዚያ ልጆች ስምንተኛ ክፍል ሲሆኑ መሆኑን ያውቁ ነበር። ያቺ የመጨረሻ ዕድላቸው ነበረች። በኮሮና ጊዜ ትምህርት ሲዘጋ መጻሕፍቱን በዘንቢል ይዘው በጠመንጃ ያዥ ሰፈርና በጌጃ ሰፈር በየቤቱ እየዞሩ ያውሱ፣ የኪቦርድ ፊደል የሣሉበትን ካርቶንም በየደጁ ያድሉ ነበር። ልጆቹ ስምንተኛ ክፍል ደረሱ። በዚያው ዓመት ከትምህርት ቤቱ በቀር ሰፈሩ ለልማት ፈረሰና የልጆቹ ቤተሰብ ሁሉ ወደ ከተማው ዳር ወደ ተሰጠው ቤት ተበተነ። በየሳምንቱ ከፊት ወንበር አንድ ልጅ ይጎድላል። ሰኔ ላይ የቀሩት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። መምህርት ሸዋዓለም ያሰቡትን ሳያዩ በ2016 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ፤ ቅስማቸው የተሰበረው ያኔ ነው።

በሽኝታቸው ዕለት ትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍቱን በስማቸው ሰየመላቸው። በሩ ላይ በወርቅ ቀለም የተጻፈውን ስማቸውን አይተው አለቀሱ። ይህቺ እንኳ ቀረችልኝ ብለው ነበር።

በ2017 ዓ.ም. የጉበት ሕመም ጸናባቸው። አልጋ ላይ እንዳሉ፣ የጠመንጃ ያዥ ሰፈሩ ባለሱቅ የአቶ አብዱልሃኪም ልጅ ኡሙልኸይር ልትጠይቃቸው መጣች። ኡሙልኸይር በ2009 ዓ.ም. ከተቀበሏቸው ልጆች አንዷ ናት። አዲሱ ትምህርት ቤቷ ቤተ መጻሕፍት ስለሌለው ሦስት ታክሲ ይዛ ወደ ድሮው ሄዳ ነበር። "ቲቸር፣ ስምዎት በሩ ላይ ያምራል፤ ግን ተቆልፏል። ከወጡ ጀምሮ ተከፍቶ አያውቅም አሉ። ዘበኛው 'የቲቸር መታሰቢያ ነው፣ አይነካም' ብሎ መለሰኝ" አለቻቸው። ልጅ ናት፤ የምትለው ነገር ምን እንደሚያደርጋቸው አላወቀችም። መምህርት ሸዋዓለም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከዚያ በኋላ ስለ ሕመማቸው አንድም ቀን አልተናገሩም። ለልጃቸው ለሰላም የተናዘዙት ይህን ብቻ ነው፦ "ስሜን ፍቃችሁ በሩን ክፈቱላቸው። ስሜ ነው የቆለፈባቸው።"

ወንድማቸው አቶ ቤካ በድሉ ይህን ቃል ይዘው ወደ ትምህርት ቤቱ ደጋግመው ተመላለሱ። የሚረከብ ሠራተኛ አልተመደበም ተባሉ። የክብር ስም መፋቅም ነውር ነው ተባሉ። መምህርት ሸዋዓለም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በስድሳ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ተለዩ። አቶ ቤካ ትናንት መርዶውን ሊነግሩ ሲሄዱ ትምህርት ቤቱ በእርግጥ አዝኗል። በተቆለፈው በር ላይ፣ ከወርቁ ስም በታች፣ ጥቁር ጨርቅ ተሰቅሏል።

ከመምህርት ሸዋዓለም በኋላ ልጆቻቸው ሰላምና ኃይለመለኮት፣ ወንድማቸው አቶ ቤካ፣ እንዲሁም ገጽ ከጥጉ መግለጥ ያስተማሯቸው፣ ዛሬ የት እንዳሉ የማናውቃቸው ልጆች ቀርተዋል።

በዚህ ምድር ደጅ ሲጠኑ የኖሩትን እናታችንን እግዚአብሔር ደጅ ሳያስጠና ይቀበልልን፤ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን። ለቤተሰቡ መጽናናትን ይስጥልን። አበባ ይዛችሁ የመጣችሁ ወገኖች፣ እባካችሁ እዚሁ መቃብራቸው ላይ አኑሩት፤ ወደዚያ በር አትውሰዱት።