«ሄዳ በሰላም ትመለስ»

ሐሙስ፣ ሰኔ 9 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ሐይቅ

ዛሬ ቪዛ ተከለከልኩ። የኮሌጁ መምህራችን ለሦስት ሳምንት ትምህርት አውሮፓ ሊወስደን ነበር። ለእሱ ተፈቀደለት፤ እኛ ተማሪዎቹ ቀረን። የኤምባሲው ሰዎች ስለ እኔ «የመጣችው ጦርነት ካለበት አካባቢ ስለሆነ አትመለስም» አሉ። ጦርነቱ ሲያባርረን በእግራችን ሸሽተን፣ በራችን ተሰብሮ እንኳ ወደዚሁ ቤት የተመለስን ሰዎች ነን።

ዓርብ ዕለት ጎረቤቱ ተሰብስቦ፣ ሼሁም ቄሱም ባንድ ላይ «ሄዳ በሰላም ትመለስ» ብለው መርቀውኛል። እናቴ ዛሬ ስትሰማ «ዱአ ተደርጎ እንዴት ይቀራል?» አለችኝ።

አመሻሹ ላይ እህቴ ዘሃራ ከጅዳ ደወለች። ለቤት ሠራተኝነት እንደሄደች ይኸው አልመጣችም። ነገሩን ስነግራት «የኔን ቪዛ ወዲያው ነው የሰጡኝ» አለች። «ትመለሻለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም።»