ቁልፉ የበርበሬው ጣሳ ውስጥ ነው

ዕዝራ፣ የሞተርህን ቁልፍ የደበቅሁት እኔ ጎረቤትህ አሰፋሽ ነኝ፤ ሚስትህ አይናለም ላይ በከንቱ አትጩህ። የሰው ዕቃ መደበቅ ነውር መሆኑ አልጠፋኝም።

ቁልፉ የጋራ ወጥ ቤታችን፣ የበርበሬው ጣሳ ውስጥ ነው። ዓይንህን እንዳትነካ።

አይናለምን ከኋላ አፈናጥጠህ ጎበሳ ደርሶ መልስ፣ ያውም በአንድ ቀን! አይ ጎበዝ! ስልክህ ጠመዝማዛውን ሁሉ ቢያውቅ መንገድ ላይ ያለውን፣ ፈረሰኛ የሚበዛበትን የሳጉሬን ገበያ አያውቅም። ፈረሰኛ ስታይ ክላክስ አታድርግ፣ ፈረሱ ይደነብራል። ቆመህ አሳልፈው።

ለሁለት ሰው ሄልሜቱ አንድ፤
እሱም ያንተ።
እሷን ነጠላዋ ሊያድናት ነው?

እኔ ለቅሶ ሄጃለሁ።

ለመንገዱ ጎሚስታውንም ስልክህንም ጠይቀሃል። እኔ ደግሞ ትናንት አይናለምን፣ «ለመሆኑ መሄድ ትፈልጊያለሽ?» አልኳት።

«እስካሁን የጠየቀኝ የለም» አለችኝ።