ትክትክ ከእኛ ቤት

ሐምሌ 19፣ ረፋድ፣ መጋዘን
ዛሬም ዝናብ። ከገላን እስከ ቃሊቲ ጭቃና ከባድ መኪና ብቻ። አርፍጄ ገባሁ። ልጄ ማክዳ ጠዋትም ሳለች። አምስት ዓመቷ ነው፣ ጊዜው ክረምት ነው፣ ጉንፋን ነው፣ ያልፋል። እማዬ ግን ቁርሷን ትታ አየቻት። ትክትክ ነው አለች። ሳቅሁባት። አቃቂ ገና እርሻ ሳለ፣ በእነሱ ጊዜ፣ ክረምት በገባ ቁጥር የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ይስል ነበር። አሁን ማን ያውቀዋል? ቁርሷን ሳትጨርስ ተነሳች። አነሳሷን አልወደድኩትም፣ ማስታወሻዬ።

ሐምሌ 21
ባሰባት። አንዴ ከጀመራት አይለቃትም። ፊቷ ይጠቁራል፣ ትንፋሽ ያጥራታል፣ መጨረሻ ላይ አየር ስትስብ ትጮሃለች፣ ከዚያ ታስመልሳለች። ባለቤቴ ሰናይት እያለቀሰች ሥራ ሄደች። እኔ ልጄን ይዤ ጤ/ጣቢያ። ሲስተሯ የክትባት ካርድ ጠየቀች። ጨቅላ ሳለች ከሳሪስ አቦ ወደ ኮንዶሚኒየሙ ስንገባ የመጨረሻዎቹ ክትባቶች ቀርተዋል። «የድሮ በሽታ» እያልኩ ያዘገየሁት እኔ ነኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። መድኃኒት ጻፈች፣ ከሰው ለዩአት አለች። ከዚያ፣ ጎረቤት ጨቅላ ሕፃን አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

የለም አልኩ።

አለ። ከእኛ ሥር ባለው ፎቅ ከድጃ አለች፣ ባሏ ታች ሱቅ ያለው። ከወለደች ገና ነው። አለ ብል የጤና ኤክስቴንሽኗ መጥታ በር ታንኳኳለች፤ ልጁን ያላስከተበው ማን እንደሆነ እስከ ዘበኛው ይሰማል። የብሎኩ ኮሚቴ ነኝ እኮ። ደረጃ ላይ ቆሻሻ ላስቀመጠ ሁሉ ስለ ጤና የምሰብክ እኔ ነኝ። አፈርኩ፣ ዋሸሁ። በቃ።

ሐምሌ 22፣ ምሽት
እማዬ፣ የትክትክ መድኃኒቱ የአህያ ወተት ነው አለች። ሽሮፕ አለ አልኳት። ሽሮፑንም ስጣት፣ ወተቱንም አምጣ አለች። ለሰናይት አልነገርንም። ከሥራ ስወጣ አቃቂ ወርጄ ጋሪ የሚነዳ ሰው ፈለግሁ። የወለደች አህያ አለችህ ወይ ስለው ከላይ እስከ ታች አየኝ። ለጓደኛዬ ልጅ ነው አልኩ። ሌላ ውሸት። ሰውዬው ምንም አልገረመውም፤ እሱንም እናቱ ያዳነችው በዚሁ ነው። አልቦ በውሃ ፕላስቲክ ሰጠኝ። እንደ ሌባ ካፖርቴ ውስጥ ሸጎጥኩት።

ደረጃው ላይ ማን? ከድጃ። ሕፃኑን አቅፋ። ከካፖርቴ ብቅ ያለውን አይታ ወተት ከየት አገኘህ አለችኝ። የላም ነው፣ ከዘመድ። ማክዳ ምነው ጠፋች፣ ነገ ላኩልኝ፣ ልጄ ናፍቋታል አለች። ባለፈው እሑድ ማክዳ ጭኗ ላይ አስቀምጣው፣ እየሳመችው ነው የዋለችው። ያን ቀን ሳሉ ጀምሯት ነበር። ወደ ላይ ሮጥኩ።

ማክዳ ወተቱ ጣፈጣት። ጨምሩልኝ አለች።

ሐምሌ 24
ትንሽ ተሻላት። እማዬ ወተቱ ነው ትላለች፤ እኔ ሽሮፑ ነው እላለሁ። ከድጃ ለማክዳ ከሱቃቸው ብስኩት ልካለች።

እማዬ ለከድጃ ነገርካት ወይ አለችኝ። አልነገርኩም አልኩ። ድሮ ልጁን ትክትክ የያዘበት ሰው በሩ ላይ ቆሞ ራሱ «አትግቡ» ይል ነበር አለች። የሚያፍር አልነበረም፤ በሽታው የሁሉም ቤት ነበርና። እኔ ግን ብቻዬን ነኝ። በዚህ ሁሉ ብሎክ ትክትክ ያለው እኔ ቤት ብቻ።

«ልጄ፣ ትልቁን ያደክመዋል እንጂ ይተወዋል። ጨቅላውን ግን አይምረውም» አለች እማዬ።

ነገ ጠዋት እነግራታለሁ። ነገ ያልኩት አሁንም ፈርቼ ነው።

ሐምሌ 25፣ ጤ/ጣቢያ፣ አግዳሚ ላይ
ነገርኳት። በሯ ላይ ቆሜ፣ ሁሉንም። አልጮኸችም። «የማክዳ አባት፣ ፊቷ ይጠቁር ነበር?» አለች።

አዎ አልኩ።

«ትናንት የልጄም ፊት ጠቆረብኝ። ብርድ መስሎኝ ደረብኩለት።»

ሕፃኑን ይዘን በባጃጅ መጣን። እዚህ ስንደርስ ከማን ያዘው ተባለ። ከድጃ መሬት መሬት አየች። ልትሸፍንልኝ ነው። ከእኔ ቤት ነው፣ ካወቅሁ ቆይቻለሁ፣ አልነገርኳትም አልኩ። ወረፋው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ይየኝ።

ሕፃኑን ይዘውት ገቡ። ከድጃ ቦርሳዋን እኔ ላይ ጥላ ተከተለች። በሩ ተዘጋ። ጆሮዬን ወደዚያ አድርጌ ተቀምጫለሁ። ሲያስል አይሰማኝም። ሲያለቅስም አይሰማኝም።