ሽማግሌ ይዘሽ እንዳትመጪ

ይድረስ ለእታለሜ ለኸሊዳ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ። እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽስ፣ ያ ደረጃ ስትወጪ የሚይዝሽ፣ ተሻለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ደህና ነኝ ብለሽ ታልፊዋለሽ? አብዱልበሲጥስ ጤናው እንዴት ነው? ምግብ ቤቱስ ሰው ይገባዋል? ሙስሊማ ፈተናዋን ጨረሰች? እማስ ስኳሯ ልኩን ይዟል? ሙቀቱስ እንዴት አደረጋችሁ? እናንተ አዋሽ ሆናችሁ ሞቀን ስትሉ እኛ ሰመራ ያለነው እንስቃለን፤ ብቻ አላህ ያብርደው። እኔ አልሐምዱሊላህ በአካል ደህና ነኝ። በአካል ያልኩት ሳላስበው አይደለም፤ ወደሱ እመጣለሁ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። በስልክ ከሆነ ገና እንዴት ነሽ ስትዪኝ ድምፅሽ የቀዘቀዘ ከመሰለኝ እጮህብሻለሁ፤ ታውቂኝ የለ። ይሄን መጻፍ ከጀመርኩ ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው። ሁለቱን ቀድጄ ጥያለሁ። አንደኛው ላይ ሰድቤሽ ነበር፣ ሁለተኛው ላይ እግርሽን ስሜ ነበር። ሁለቱም አንቺን አይመስሉም። ደግሞም ቶሎ ልጽፍልሽ የፈለግኩት ከሌላ ሰው አፍ እንዳትሰሚው ነው። እዚህ አፋሮቹ መንገድ ላይ ሲገናኙ ዳጉ ተቀምጠው ያዩትን የሰሙትን ሁሉ ሳይነጋገሩ አይለያዩም፤ ወሬው ከመኪና ቀድሞ አዋሽ ይገባል።

ለአረፋ ስትደውዪ ሁለት ሽማግሌ ይዤ እመጣለሁ፣ ካሚልን አናግረን እናስታርቃችኋለን ብለሽኛል። እታለም፣ ሽማግሌ ይዘሽ እንዳትመጪ። ተኳርፈናል ያልኩሽ ውሸት ነው። ካሚል ፈቶኛል። ሦስተኛው ነው፤ ከዚህ በኋላ መታረቅ የለም። ያን ቀን ካሚል ሰላም ብሎሻል ያልኩሽም ከራሴ ነው፤ እሱ ጎማ ቤቱ ውስጥ ማደር ከጀመረ ሁለት ወር አልፎታል።

የመጀመሪያውን ፍቺ ሰምተሻል እንጂ እንዴት እንደሆነ በቅጡ አልነገርኩሽም። ሰርዶ ላይ አንድ ተሳቢ ጎማ ፈንድቶበት ተጠርቶ ሄደ። ለአሱር እመለሳለሁ ያለ ሰው ስልኩ ተዘግቶ በማግስቱ መጣ። ለሌላ ሴት ይሄ አንድ የዘገየ ባል ነው። እኔ ግን በዚያች አንድ ቀን ጥሎኝ ጅቡቲ ገብቷል፣ እዚያ ሌላ ይዟል ብዬ ጨርሼ፣ ልብሱን አስፋልቱ ዳር በትኜ ጠበቅሁት። እጁ ግራሶ እንደሆነ ቆሞ አየኝ። ፍታኝ አልኩት። ደጋግሜ አልኩት። ፈታኝ። በሳምንቱ ደጁ ላይ ተንበርክኬ አልቅሼ መለስኩት። ሁለተኛውን አንቺ ራስሽ ከአዋሽ መጥተሽ አስታርቀሽናል። ያኔ ሸህ መሀመድአሚን አንዲት ብቻ ቀርታችኋለች፣ ጠብቋት ሲሉን አጠገቤ ነበርሽ።

ሦስተኛው ምን ሆኖ ነው እንዳትዪኝ። ምንም አልሆነም። ከፆም ፍቺ በኋላ በአስራ አንደኛው ቀን፣ ከዙሁር በኋላ፣ ሙቀቱ ሲበረታ ጋደም እንዳለ ትወደኛለህ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። እስቲ ትንሽ ልተኛ አለኝ። በቃ ይቺው ናት። ልተኛ ያለው እንቅልፍ ይዞት እንደሆነ ዛሬ አውቃለሁ፤ ያኔ ግን አልወድሽም ያለኝ ሆኖ ተሰማኝ። ወንድ ከሆንክ ፍታኝ ብዬ እስከ አሱር ለፈለፍኩ። ተነስቶ ተቀመጠና ሦስተኛው መሆኑን ታውቂያለሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አውቃለሁ፣ በለው አልኩት። ፊቱን ታጠበ፣ ጫማውን አደረገ፣ ቃሉን ተናገረና ወጣ። በሩን እንኳን ቀስ አድርጎ ነው የዘጋው።

ከዚያ በኋላ በራሴ ላይ ያደረግሁትን አልጽፍልሽም። ለምን በዚህ ሐሩር እጅጌ ረጅም ልብስ እንደምለብስ አንቺ ከልጅነቴ ጀምሮ ታውቂያለሽ። ምስክር የምትባል የጤና ጣቢያ ነርስ ናት ክንዴን የጠቀለለችው። ጎጃሜ ናት፣ ኮስታራ ናት፣ አልጠየቀችኝም አልገሰጸችኝምም። ጠቅልላ ብቻም አልለቀቀችኝም፤ ራሷ ደውላ ደሴ አንድ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ አስያዘችልኝ። ለኩላሊት ምርመራ ነው ብዬሽ የሄድኩት ለዚያ ነበር።

ሐኪሙ ሦስት ቀን አመላለሰኝና በሽታው ስም አለው አለኝ። ቦርደርላይን ይባላል፤ ስብዕናን የሚይዝ ሕመም ነው። እንዲህ ብሎ ነው ያስረዳኝ፦ የሰው መሄድ ለአንቺ ሞት ሆኖ ነው የሚሰማሽ፣ ስለዚህ ሰውየው ሳይሄድብሽ አንቺ ቀድመሽ ታባርሪዋለሽ፤ የወደድሽውን ጠዋት መልአክ ታደርጊዋለሽ፣ ከሰዓት ሰይጣን ይሆንብሻል። ሰላሳ ዓመት ሙሉ በመስኮት ያየኝ ሰው ነበር እንዴ አልኩ በሆዴ። ሌላው ሰው ስሙን ሲሰማ ቀለለኝ ይላል አሉ። እኔን አልቀለለኝም። አንቺ ጂን ነው ብለሽ ስንት ቦታ ይዘሽኝ ዞረሻል፤ ወላሂ እታለም ጂን ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ጂን ይወጣል። ይሄ እኔው ነኝ።

ክኒን የለውም ወይ አልኩት። ለእንቅልፍ የሚሆን ሰጠኝ፤ ዋናው ሕክምና ግን በየሳምንቱ ቁጭ ብሎ ማውራት ነው፣ ዓመትም ሁለት ዓመትም ይፈጃል፣ ብዙ ሰው ይሻለዋል አለኝ። ከሰመራ ደሴ በየሳምንቱ ማን ይመላለሳል? አሁን ማክሰኞ ማክሰኞ ምስክር ጋ እቀመጣለሁ። አልተማርኩበትም ትለኛለች፣ ግን ትሰማኛለች። ስትናደጂ ጻፊና ሦስት ቀን አሳድሪው ያለችኝ እሷ ናት።

ሐኪሙ ስለ ልጅነቴም ጠይቆኝ ነበር። እማ ሳውዲ የሄደች ቀን ነገርኩት። ተኝቼ እያለሁ እንደወጣች፣ ስነቃ አንቺ ገበያ ሄዳ ነው፣ ትመጣለች እንዳልሽኝ። ስንት የባቲ ሰኞ ገበያ ወጥቼ መንገድ ዳር እንደተቀመጥኩ ነገርኩት። ጻፈው። ከዚያም ሊሆን ይችላል፣ ሲፈጥርሽም ሊሆን ይችላል አለኝ። አንቺ ያኔ አስራ አራት ዓመትሽ ነበር፤ አንቺንም ማንም አላባበለሽም። አልወቅስሽም። በቀደድኩት ላይ ግን ወቅሼሽ ነበር።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ፤ ሽማግሌ ይዘሽ አትምጪ ያልኩሽ ለዚህ ነው። ከደሴ ስመለስ ወረቀቱን ይዤ በቀጥታ ሸህ መሀመድአሚን ዘንድ ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ ሳስብ የነበረው አንድ ነገር ነው፦ ታምሜ ነው ያስፈታሁት፣ የታመመ ሰው ቃል አይያዝበትም፣ ስለዚህ ሦስተኛው አይቆጠርም። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተስፋ አድርጌ አላውቅም። ሸሁ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን አዩት፣ አስረጂኝ አሉ፣ አስረዳሁ። ልጄ፣ ልክ ነሽ፣ የታመመ ሰው ቃል አይያዝበትም አሉኝ። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ፣ ቃሉን የተናገረው ግን ማነው አሉኝ። ካሚል አልኩ። ካሚል ታሟል ወይ አሉኝ። የሚያመኝ እኔን ነው፤ የፈታኝ ጤነኛ ሰው ነው።

ፊቴን አይተው አዘኑልኝ መሰለኝ፣ ቁጣ ልቡን ሸፍኖት ምን እንደሚል ሳያውቅ ተናግሮት ከሆነ ሌላ ነገር ነው፣ እንጠይቀው አሉና ደወሉለት። ድምፁን ከፍተውት ስለነበር ከኋላው ኮምፕረሰሩ ሲጮህ ይሰማኛል። እኔ አጠገባቸው መቀመጤን ነገሩት። ተቆጥተህ ነው ወይ የፈታሃት አሉት፣ ለምን እንደሚጠይቁትም ነገሩት። ኮምፕረሰሩን አጠፋው። እታለም፣ አንድ አዎ ትበቃ ነበር። ካሚል ሲዋሽ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ዋሽልኝ እያልኩ ለመንኩ። አይ ሸህ፣ አልተቆጣሁም፣ ደክሞኝ ነው አለ።

አልጮህኩም። ምስክር ብታየኝ ትኮራብኝ ነበር። ሸሁን አመስግኜ ወጣሁ፣ ቤቴ ገብቼ የሰው ቀሚስ ጨርሼ ሰፋሁ። ሌላ አግብተሽ እሱ ከሞተ ወይ ከፈታሽ ወደ ካሚል መመለስ ትችያለሽ የሚሉኝ አሉ። ያ ሰውዬ ደግሞ ምን በደለኝና ነው? እና ሽማግሌዎችሽ መጥተው ምን ሊሉት ነው? ሰውየው ደክሞኛል ብሏል። እውነቱን ነው፤ እኔም ራሴን ተሸክሜ ደክሞኛል፣ ልዩነቱ እኔ ራሴን ፈትቼ የምሄድበት የለኝም።

ከፍቺው ጀምሮ የምቆጥረው ኢዳዬ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ቤቱ በሱ ስም የተከራየ ስለሆነ ከዚያ በኋላ የምኖርባት አንዲት ክፍል ሎግያ አግኝቻለሁ፤ የስፌት መኪናዬን ይዤ እገባባታለሁ። አንቺ ገና ይሄን ስታነቢ አዋሽ ነይ፣ ክፍል አለ እንደምትዪ አውቃለሁ። እባክሽ ነይ አትበዪኝ። ብትዪኝ በዚያው ቀን እመጣለሁ፤ የመጀመሪያውን ወር እንዳንቺ ያለ ሰው የለም እላለሁ፣ ሥራሽን ሁሉ ከእጅሽ እቀማሻለሁ። ከዚያ አንድ ቀን ለሙስሊማ ሻይ ቀድተሽ ለኔ ትረሺያለሽ። ካሚልን ያደረግሁትን አንቺንም ሳደርግሽ ይታየኛል። ምን እንደማደርግ ማወቄ እንደማያስቆመኝ ሐኪሙም አልደበቀኝም። ነገ ተነገ ወዲያ ደውዬ ልምጣ ካልኩሽ እምቢ በዪኝ። እምቢ ስትዪኝ ደግሞ የምልሽን አላህ ይወቀው፤ ያን ጊዜ ይቺን ወረቀት አውጥተሽ አንብቢያት።

የባል ሦስት ነው፤ ተቆጥሮ ያልቃል፣ ማለቁንም ታውቂዋለሽ። የእህት ስንት እንደሆነ ግን ማንም አልነገረኝም። ከልጅነታችን ጀምሮ ስንቱን እንደጨረስኩብሽ አላውቅም። አንቺ ቆጥረሽው ከሆነም ስንት እንደቀረኝ አትንገሪኝ።

ለአብዱልበሲጥ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ባለፈው በስልክ ለተናገርኩት አውፍ በለኝ ብላለች በዪልኝ። ሙስሊማን ሁለቱን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ለትምህርት መክፈቻ የሚሆን ቀሚስ ይሄን ደብዳቤ በሚያመጣልሽ ሰው እጅ ልኬላታለሁ፣ ጫፉን ሰፋ አድርጌ ስላጠፍኩት ከጠበባት ይለቀቃል። ለጎረቤቶቻችን ሁሉ ሰላም በዪልኝ። ለእማ የደሴውን አትንገሪያት። ስለኔ ከጠየቀችሽ ካሚል ደህና ነው፣ እሷም ደህና ናት፣ ትመጣለች በያት።

ታናሽሽ አሪፋ

ሰመራ፣ ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.