ራውተሩ የሚቀመጥበት ክፍል

ሰኞ፣ የካቲት 6/2009። ከምሽቱ 12፡40

ወገቤ። ዛሬም ከሚኒባስ ስወርድ አንድ እጄ በሩ ላይ፣ አንዱ ወገቤ ላይ። ከኋላዬ የነበረ ጎረምሳ፣ ማዘር ቀስ ይበሉ አለኝ። አርባ አራት ዓመቴ ነው። ማዘር!

ወሬ አለኝ ደብተሬ። አለቃዬ አቶ ተስፋዬ ቢሮው ጠርቶ ዶ/ሩ ስለ ወገቤ የጻፈውን ወረቀት መለሰልኝ። አንብቦታል። ቢሮው ያለበት ቀብሪበያ ድረስ በየቀኑ መመላለሱ ይቅር፤ ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕ ከቤት ሥሪ አለ። ሥራዬ ያው ነው፣ የባለጉዳዩን ማመልከቻ ከሶማልኛ ወደ አማርኛ መመለስ። ነገር ግን ትርጉሙ በየቀኑ ከ10 ሰዓት በፊት በኢሜይል መድረስ አለበት። ከ20 ጀምሮ ሁለት ሳምንት ይሞክረኛል። ሦስት ጊዜ ከዘገየሁ ነገሩ ቀረ፤ እንደ ድሮው መመላለስ ነው። ወገቤ ደግሞ ከእንግዲህ አይመላለስም። ስለዚህ ሥራውም ቀረ ማለት ነው። አሥራ አንድ ዓመት የሠራሁበት።

ለቤቱ ዋይፋይ ላስገባ ነው እንግዲህ። እኔ ስለ ዋይፋይ የማውቀው ፓስወርድ መጠየቅ ብቻ።

ሐሙስ፣ የካቲት 9። ጠዋት

ኢንተርኔቱ በቤት ስልኩ መስመር ላይ ተከፈተልን። ራውተሩን ራሳችሁ ግዙ ተባልን። ባሌ ጉሌድ ከከተማ እንዳትገዢ አለ። ጓደኛው ቶጎ ውጫሌ ነው፣ ድንበሩ ላይ፤ እዚያ ርካሹም ጥሩውም አለ። ጉሌድ የግመልና የከብት ደላላ ነው። የማያውቀው ሰው የለም። እምቢ ያለው ሰውም የለም። ለማንኛውም እሺ አልኩት። ለመከራከር አቅሙም የለኝ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 11

መጣ። ጥቁር፣ ባለ ሦስት አንቴና፣ ከነካርቶኑ። ጉሌድ እንደ ሙሽራ ይዞት ገባ። ጎረቤት ሳይቀር አየው። ሆዮ መርየም፣ እናት የምላቸው አማቴ፣ ዓይናቸው ስለደከመ በጣታቸው ዳሰሱትና ሦስት ቀንድ ያለው ፍየል በዕድሜዬ አልገዛሁም አሉ። ሁላችንም ሳቅን።

ከዚያ መስመሩ በሚገባበት በእንግዳው ክፍል የስልኩን ገመድ ልሰካ ሞከርኩ። አይገባም። ቀዳዳው ሁሉ ሰፊ ነው። ጉሌድ ገልብጦ አየው፣ እኔ ገልብጬ አየሁት። ለስልክ ገመድ የሚሆን ቀዳዳ የሚባል የለውም። ሆዮ የእንግዳው ክፍል የእንግዳ ነው፣ ቢሮ አታድርጉት ብለው ወደ ጓዳ ክፍላቸው ገቡ። እኚህ ሴትዮ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብሬያቸው ኖሬ ደስ ሲላቸው ያየሁት ስንት ቀን ነው?

እሑድ፣ የካቲት 12

ሸምሱ ሱቅ ሄድኩ። ከወልቂጤ የመጣ ነጋዴ ነው፤ እዚህ ስልክና ኮምፒውተር ሲሸጥ ፀጉሩ ሸበተ። ባለ ሦስት አንቴናውን ከፌስታሉ ሳላወጣው አወቀው። አልሳቀብኝም፣ እግዜር ይስጠው። ከድንበር የሚመጡት አብዛኞቹ በስልክ መስመር ለሚገባ ኢንተርኔት አልተሠሩም አለ። በዚህ ወር እኔ ስንተኛዋ እንደሆንኩ አልጠየቅኩትም።

ከዚያ እንደ ሐኪም መረመረኝ። ግድግዳው ምንድነው? ድንጋይ። የስልኩ መስመር የት ይገባል? እንግዳው ክፍል። ተጠቃሚው ስንት ነው? እኔ። እርስዎ ቤት ውስጥ የት ነው የሚቀመጡት?

ደብተሬ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በኖርኩበት ቤት የት እንደምቀመጥ አላውቅም። አልቀመጥም እኮ! ከቢሮ ገብቼ ኩሽና፣ ከኩሽና ልብስ፣ ከልብስ አልጋ። አንተንም የምጽፍህ አልጋው ጫፍ ላይ ነው።

ሁለት አሳየኝ፤ አንዱ ትልቅና ውድ፣ ሌላው ትንሽ ነጭ፣ ሁለቱም የስልክ ቀዳዳ ያላቸው። የድንጋይ ግድግዳ ሁለቱንም ያሸንፋቸዋል፣ ዋናው የሚሠሩበት ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ ነው አለ። ትንሹን ወሰድኩ። ቢያንስ አይከብድም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 14

ሠራ! በእንግዳው ክፍል ይበርራል። ኩሽና የለም። መኝታ ቤት አልፎ አልፎ። ሆዮ ክፍል ጭራሽ። ግድ የለም። የጉሌድ እንግዶች ለጫት በርጫ የሚመጡት 8 ሰዓት ላይ ነው፤ እኔ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሬ እዚያው ፍራሹ ላይ ብሠራ ሳይመጡ እጨርሳለሁ። ዛሬ ደክሞኝም ደስ ብሎኛል።

ዓርብ፣ የካቲት 17

ጉሌድ ፓስወርዱን ለእንግዶቹ ሰጣቸው። አራት የነበሩት ዘጠኝ ሆኑ። 8 ሰዓት የነበረው 6 ሰዓት ሆነ። አንዱማ ፓስወርዱን ጠይቆ ነው ሰላም ያለን። ጫታቸውን ይዘው፣ ስልካቸውን ይዘው፣ ዝም ብለው አንገታቸውን ደፍተዋል። ድሮ ቢያንስ ያወራሉ። ሻይ ግን ያው ነው፤ ከቢሮ ገብቼ እንኳ አምስት ጊዜ አፈላሁ።

ሰኞ፣ የካቲት 20። ከምሽቱ 1 ሰዓት

የመጀመሪያው የሙከራ ቀን። 5፡30 ላይ የመጀመሪያው እንግዳ መጣ። ላፕቶፔን ታቅፌ መኝታ ቤት። መስመሩ ይመጣል፣ ይሄዳል። አሥራ ሁለት ማመልከቻ ተርጉሜ መላኩ አቃተኝ። 10፡25 ላይ ሄደልኝ። አቶ ተስፋዬ ባጭሩ መለሰ፤ አንድ።

ረቡዕ፣ የካቲት 22

ትናንት ለጥቂት ደረስኩ። ዛሬ ጠዋት ፓስወርዱን ቀየርኩት። ማንም አልነገረኝም፣ ማንንም አላማከርኩም።

7 ሰዓት ላይ ጉሌድ ኩሽና ገባ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። በሩን ተደግፎ እንግዶቹ መስመሩ ምን ሆነ እያሉኝ ነው፣ ምን ልበላቸው አለ። ከባቢሌ የመጣው ነጋዴ እዚያው ተቀምጧል፤ የሰላሳ ግመል ጉዳይ በእጁ ነው። ቤቱ ድረስ የመጣን ሰው እንዴት ይከልክለው? ፊቱ ቀልቶ ነበር። የምወደው ይሉኝታው ነው፣ የሚገድለኝም እሱው ነው። አዲሱን ፓስወርድ ነገርኩት።

10፡40። ሁለት።

በጣም ተናድጃለሁ፣ ደብተሬ። በማን እንደሆነ አላውቅም። ሥራ ልለቅ ነው መሰለኝ። ያውም በጫትና በሻይ እንግዳ ምክንያት።

ሐሙስ፣ የካቲት 23። ጠዋት 4 ሰዓት

በዓል ነው፣ ቢሮ ዝግ። የሆዮን አንሶላ ልቀይር ገብቼ ወገቤ ያዘኝ፤ ምንጣፋቸው ላይ ቁጭ አልኩ። ምን ሆነሻል አሉ። ምንም። ደግመው ጠየቁ። ነገርኳቸው፣ ሁሉንም፤ አቶ ተስፋዬን፣ ሁለቱን፣ የሚቀረውን አንድ።

ከዚያ፣ “ያንን ነገር ወደ እኔ ክፍል አምጪው። እኔ ክፍል ወንድ አይገባም” አሉ።

እውነት ነው። ጉሌድ ራሱ ልጃቸው ሆኖ በሩ ላይ ሳይስል አይገባም። እንግዶቹ ደግሞ ወደዚያ ቀና ብለው አያዩም፣ ነውር ነው። መሀል ላይ ሁለት የድንጋይ ግድግዳ አለ፤ ዋይፋዩም እነሱ ጋ አይደርስም። ማንም ማንንም አልከለከለም። ግድግዳው ነው!

ግን ደስታዬ ሙሉ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ብቻቸውን የሚውሉ ሴት ናቸው፤ ወሬያቸው አያልቅም። ከድጡ ወደ ማጡ እንዳይሆንብኝ። ከዘጠኙ ወንድ እሳቸው ይብሱብኝ ይሆናል።

ቅዳሜ፣ የካቲት 25

ከሸምሱ ሃያ ሜትር የስልክ ገመድ። ጉሌድ ራሱ መሰላል ላይ ወጥቶ በኮርኒሱ ስር ወሰደው። ከሰዓት ለእንግዶቹ መስመሩ ተበላሽቷል ሲላቸው ሰማሁ። አሳዘነኝ። ግን ወጥቼ አላስተካከልኩለትም። አምስቱ ቶሎ ሄዱ። የባቢሌው ነጋዴ ቀረ፤ ከጉሌድ ጋር ሲያወሩ አመሹ።

ሰኞ፣ የካቲት 27። 9፡30፣ ሆዮ ክፍል

ራውተሩ ከሳጥናቸው ላይ ተቀምጧል። እኔ መስኮቱ ስር፣ አነስተኛ ጠረጴዛ፣ ለወገቤ ሁለት ትራስ። ሆዮ እንደፈራሁት ጠዋት ሙሉ አወሩ፤ ስለ ሞቱ ግመሎች፣ ስለ አባታቸው ጉድጓድ። ከዚያ የላፕቶፑን ፊደሎች ድምፅ ሲሰሙ ቀስ በቀስ ዝም አሉ።

8፡10 ላይ ላክሁ። ሁሉንም። አቶ ተስፋዬ ደርሷል አለ። ቁጥር አልጻፈም።

ትንሽ ራሴን ጠረጴዛው ላይ ላሳርፍ ብዬ ነበር። እንቅልፍ ወሰደኝ። እኔ፣ በቀን! ስነቃ ሆዮ ከምንጣፋቸው ተነስተው፣ በርጩማቸውን በሩ ላይ አድርገው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኛል። ጎረቤታችን ፈቲያ የት ናት ብላ ስትጠይቃቸው ሰማሁ። ሥራ ላይ ናት አሏት። ቀጥሎ ጉሌድ በሩ ላይ ሲስል ሰማሁ፤ ሻይ ፈልጎ ነው። ሥራ ላይ ናት፣ አንተ እጅ የለህም አሉት።

ፊደሎቹ ካቆሙ አንድ ሰዓት አልፏቸዋል። ዓይናቸው እንጂ ጆሮአቸው አልደከመም። እንደተኛሁ ያውቃሉ። በዚህ ቤት ሥራ ላይ ናት ሲባልልኝ የመጀመሪያዬ ነው፤ ያውም ተኝቼ። አለቀስኩ፣ ድምፅ ሳላሰማ፣ እንዳይሰሙኝ።

አሁን ቀና ብዬ ሆዮ፣ ሥራው እኮ አልቋል ልላቸው ይገባል። ሻዩም አለ፣ ራትም አለ። ልነሳ ነው። ግን ደግሞ አንድ ሰው በግቢው እየመጣ ነው፣ እሳቸውም በትራቸውን በሩ ላይ አጋድመው፣ ሥራ ላይ ናት አሉ። ትንሽ ልቀመጥ።