ሁለቴ የፈረሰው ሴራሚክ

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ዛሬ ቀኝ ዓይኔን ሦስተኛውን መርፌ ተወጋሁ። ሐኪሟ ምስሉን አይታ፣ "ዓይንዎ ውስጥ የቋጠረው ፈሳሽ ደርቋል፤ ክትትሉን ግን እንዳያቋርጡ" አለችኝ። የግራው ከደከመ ቆይቷል፤ ይህኛው ከሄደ ማንበብ አበቃ ብዬ ነበር። እፎይ!

ለነገሩ መሻሉን ጠዋት በረንዳ ላይ ጠርጥሬ ነበር፤ የሴራሚኩ መስመር ቀጥ ብሎ ታየኝ። በሽታው ሳይታወቅ፣ ጠሟል ብዬ ግንበኛውን ማቴዎስን ሁለቴ ያስፈረስኩት ሴራሚክ ነው። ቀጥ ማለቱን በውሃ ልክ ለክቶ ሲያሳየኝ፣ "ውሃ ልክህም ጠማማ ነው!" ብዬ ጮኼበት ነበር።

ከሰዓት ደወልኩለት።

"ጋሼ፣ ደግሞ ላፍርሰው?" አለ ገና ስልኩን እንዳነሳ።

"አይ፣ አጣሞ ያየው የእኔ ዓይን ነበር።"

"አሁንስ ያያሉ?"

"አያለሁ።"

"ጌታ ይመስገን!" አለ፤ ስለ ልፋቱ አንድም ቃል አላነሳም።

እኔ ብሆን እንዲህ በቀላሉ አልምርም ነበር።