ለሠርጉ የመረጥኩት ካባ

ኖቬምበር 9

ሠላሳ አንድ ከዜሮ በታች። ክረምቱ ገና ጥርሱን አላወጣም። ትናንት ቲያትር ቤቱ ሞልቶ ነበር፤ ካፖርት ስቀበል፣ ካፖርት ስመልስ... ዛሬ ትከሻዬ አልታዘዝ ብሏል። ልብስ ማስቀመጫው ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመቴ። የያኩትስክን ሰው በመልኩ ሳይሆን በካፖርቱ ነው የማውቀው። ዓይኔን ጨፍኜ የሚንክ ፀጉር ካፖርትን ከቀበሮ ፀጉሩ በክብደቱ እለየዋለሁ። የራሴስ? ጥንቸል። አሥራ አንድ ክረምት የለበስኩት ጥንቸል።

ከሰዓት ቱያራ ከሥራ በቀጥታ መጣች። የልጆች ነርስ ናት ልጄ፤ ሕፃን ሳታስለቅስ ደም የምትቀዳ እሷ ብቻ ናት ይሏታል። የእናት ጉራ... እዚህ ላይ ማን ያየኛል።

«እማ፣ ቀኑ ተቆረጠ። ዲሴምበር 21።»

«በዚያ ብርድ? ሰው በበጋ ነው የሚያገባው!»

«ኤርቺም እስከ በጋ አልጠብቅም አለ።» ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

አባቷ ቢኖር ዛሬ ይዘፍን ነበር። ሻይ በወተት ደገመችና ሄደች።

ኖቬምበር 12

የኤርቺም ወላጆች ቤት ተጠራሁ። እናቱን ሳያት ክው አልኩ... ቫርቫራ ስፒሪዶኖቭና! የሳብሉ፣ የዚያ ከፀጉር ሁሉ ውዱ ካፖርት ባለቤት! ስንት ክረምት ያንን ካፖርት በክንዴ ተሸክሜያለሁ፤ አንድ ቀን ቀና ብላ አይታኝ አታውቅም። ዛሬም አላወቀችኝም። በር ላይ ኮሌታዬን በሁለት ጣቷ ዳሰስ አድርጋ፣ «ይሄ ጥንቸል ነው፣ አይደል?» አለች። በክፋት አይደለም። ያናደደኝም እሱ ነው፣ በክፋት አለመሆኑ።

የፈረስ ሥጋው ጥሩ ነበር። አልወረደልኝም እንጂ።

ኖቬምበር 16

ሦስት ሱቅ ዞርን። ቆዳ መምረጥ እንግዲህ የእኔ ነገር ነው። ፀጉሩን እፍ ሲሉበት ሥሩ ከታየ ሳስቷል። ጨበጥ አድርገው ሲለቁት ካልተነሳ አሮጌ ነው። እጥፍ ሲያደርጉት ከተንኮሻኮሸ ደርቋል፣ ሁለተኛውን ዓመት አያይም። ቀለም ይለቅ እንደሆነ እርጥብ ነጭ መሐረብ አውጥቼ ሳሽ ሻጭዋ ከፋት። «እትዬ፣ ሊገዙ ነው ወይስ ሊመረምሩ?» ሁለቱንም አልኳት።

ሁለት ቀረ። አንዱ ቡኒ ሚንክ፤ እስከ ቁርጭምጭሚት፣ እጅጌው ሰፊ፣ ባለ ኮፍያ። ሌላው የነጭ ቀበሮ ካባ፤ እጅጌ የለው፣ እስከ ክርን ብቻ፣ ገበሩ ሐር፣ አንገቱ ላይ አንዲት መቆለፊያ። ቱያራ ሚንኩን ለበሰች፣ ኮፍያውን ደፋች። «ይሄ ቤት ነው እማ። እዚሁ ልኑር።»

«ሙሽራ ነሽ ድብ? ቀሚሱ የት ሊታይ?»

«ይበርደኛላ!»

«ከበር እስከ መኪና ምን አላት። ጓንቱም ስስ የሐር ይሆናል፣ ቀለበቱ ይታይ።»

ሻጭዋ እንኳ፣ «ካባው የአዳራሽ ነው፣ የደጅ አይደለም» ብላ ነበር። ሰማሁ? ትከሻዋ ላይ ጣል አደረግኩት። አንገቷ ረዘመ። ሱቁ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዞረ። ያቺ ሴትዮ በሁለት ጣቷ ስትዳስሰው፣ የምትለው ስታጣ ታየኝ።

«እሺ እማ። አንቺን ደስ ካለሽ» አለች ቱያራ።

ካባውን ገዛን።

ዲሴምበር 3

አርባ ሦስት። እህቴ ማርፋ ከገጠር ትልቅ ከረጢት ላከች። ረጅም የበግ ቆዳ ካፖርት፣ የሱፍ ቦት ጫማ ሁለት ጥንድ፣ እስከ ክርን የሚደርስ የተኩላ ጓንት። ሽታው! ጭስና ዓሣ። ስልክ ደወለች፤ «ካባ ገዛሽላት አሉ። ጥሩ። ይሄ ግን መኪናው ውስጥ ይቀመጥ፣ ከመኪናው አይውጣ።»

እዚህ ከተማ በክረምት ማን ያለ ሙቅ ልብስ ከረጢት መኪና ያንቀሳቅሳል? ለሕፃን አይነገርም። ኤርቺም ራሱ ወስዶ ከኋላ ወንበር አስቀመጠው። ደህና ልጅ ነው። ሳይነግሩት የሚሠራ ልጅ።

ዲሴምበር 21

ጠዋት። አርባ ዘጠኝ፣ ጉም። ደጅ እጅ ዘርግቶ ጫፉን ማየት አይቻልም። ሙሽሪት ለብሳለች... አልቅሼ ጨርሻለሁ። ካባው ልክ እንዳሰብኩት።

የኤርቺም መኪና ከበሩ ላይ ሞተሩ እየሠራ ቆሟል፣ ሪባን ተደርጎበታል። ቫርቫራ ስፒሪዶኖቭና እስከ ማዘጋጃ ቤቱ ከነሱ ጋር ትሄዳለች ተባለ። ከኋላ! ከዚያ ከረጢት ጎን! ሳብሏን ይዛ የማርፋን ዓሣ ልታሸት ነው? ፎቶ አንሺውም በሩን ከፍቶ ያነሳል። ማንም ሳያየኝ ወጥቼ ከረጢቱን አወጣሁት፤ ደረጃው ሥር፣ ከበረዶ አካፋው ኋላ ደበቅኩት። ከማዘጋጃ ቤቱ ወደ ምግብ ቤቱ አምስት ደቂቃ ነው። ማታ እመልሰዋለሁ።

እየጠሩኝ ነው።

ዲሴምበር 22

እጇ።

ዲሴምበር 24

መጻፍ አለብኝ። ሌላ የምናገርበት የለኝ።

ከማዘጋጃ ቤቱ ሲወጡ ሁለቱ ብቻቸውን ነበሩ፤ ወደ ምግብ ቤቱ አልሄዱም። ሙሽሮች ሁሉ የሚሄዱበት አለ... ከከተማ ውጭ፣ የፈረስ ማሰሪያ ዓምዶቹ ጋ፣ ሪባን ሊያስሩ። እንዴት ረሳሁት? እኔም በሠርጌ አስሬያለሁ! የፎቶ አንሺው መኪና ከፊት ነበር፣ በጉሙ ምንም አላየም። የእነሱ ተንሸራቶ መንገዱ ዳር ያለ ቦይ ውስጥ ገባ፣ ጭስ ማውጫው በረዶ ጎረሰ፣ ሞተሩ ጠፋ። ስልኩ በብርዱ ሞተ። ኤርቺም ካፖርቱን አውልቆ እግሯ ላይ ጣለና በሸሚዝና በኮት ወደ መንገዱ ሮጠ። እሷ ቁጭ ብላ መጠበቅ አልቻለችም። ወጥታ ጭስ ማውጫውን በእጇ ትዝቅ ጀመር። በሐር ጓንት። መኪና እስኪያገኝ አንድ ሰዓት ተኩል።

ኤርቺም ጆሮው ተላጠ፤ ይድናል። የእሷ ጣቶች እንደ ሰም ነጭ ነበሩ፣ ዛሬ ጠቁረዋል። ሐኪሙ የሞተው ከዳነው እስኪለይ ይጠበቃል አለ።

«ከረጢቱ የት ሄደ?» ይላል ኤርቺም፣ ኮሪደሩ ላይ እየተንቆራጠጠ። «ከኋላ ነበር። አስቀምጬው ነበር እኮ... አስቀምጬ ነበር?»

አባቱ ፊቱን አዞረበት። ማርፋ በስልክ ጮኸች፤ «ከረጢቴስ? የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ማለት ይሄ ነው!»

እኔን ጠየቀችኝ። እንጃ አልኩ። እንጃ!

ጃንዋሪ 9

ቆረጡ። ከግራ አራቱን፣ ከቀኝ ሦስቱን። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ነርሶች ጓደኞቿ ናቸው። አንዷ ወጥታ ግድግዳ ይዛ አለቀሰች። ቱያራ አላለቀሰችም። «አሁን ደም የሚቀዳላቸው ማነው?» አለች፣ እንደ ቀልድ።

ከረጢቱን ምድር ቤት ወስጄ ቆልፌበታለሁ።

ጃንዋሪ 18

ከሆስፒታል ወጣች። ኤርቺም ሊወስዳት መጥቶ ነበር፣ በአዲስ ቤታቸው አልጋ አንጥፎ። አላየችውም። «እማ ጋ ነው የምሄደው» አለች። እሱ ሻንጣዋን ተሸክሞ እስከ በሬ ድረስ አደረሰንና ተመለሰ።

ማታ በማንኪያ አበላኋት። ፀጉሯን አበጠርኩ። እንደ ልጅነቷ አልጋዬ ላይ ተኛች... ደስ አለኝ። ይኸው ጻፍኩት። ልጄ ጣት አጥታ፣ ባሏን ጠልታ፣ እኔ ቤት በመተኛቷ ደስ አለኝ። ምን ዓይነት ፍጡር ነኝ?

ጃንዋሪ 25

ቫርቫራ ስፒሪዶኖቭና መጣች። ካፖርቷን ራሷ አውልቃ ራሷ ሰቀለች። ከስታለች። ቱያራ ከክፍሏ አልወጣችም፤ ሁለታችን ወጥ ቤት ተቀመጥን።

«አይበላም» አለችኝ። «ቀኑን ሙሉ መኪናው ውስጥ ይቀመጣል። ኋላ ወንበሩን ያያል። አእምሮዬ ላይ የሆነ ነገር አለ ይለኛል፣ ያስቀመጥኩትን አስታውሳለሁ፣ ግን አልነበረም ይላል። ጥፋቱ የእኔ ነው አኒሲያ። ሁሉን ነገር እኔ እየሠራሁለት አሞላቅቄ አሳደግኩት።»

«እርስዎ ምን አደረጉ» አልኳት። እውነት ነበር፤ ከአፌ የወጣው እውነት እሱ ብቻ ነው። እጄን ያዘችው። ጣቶቿ ሞቃት ናቸው። ያኔ መናገር ነበረብኝ። ሻይ ቀዳሁላት።

ጃንዋሪ 30

ቱያራ በሁለት መዳፏ ኩባያ ልታነሳ ሞከረች። ፈሰሰ። «እሱ ከረጢቱን ቢያስቀምጥ ኖሮ» አለች።  መሬቱን ወለወልኩ።

ፌብሩዋሪ 1

ኤርቺም ዓሣ ይዞ መጣ፣ ደጃፍ ላይ ቆመ፣ አልገባ አለ። ጆሮው ላይ ቆዳው አዲስ ነው፣ ቀይ።

«እማማ፣ ልሰናበትዎ ነው። ሐሙስ ወደ ሰሜን እሄዳለሁ። የጭነት መኪና፣ በወንዙ በረዶ ላይ።»

«እስከ መቼ?»

«በረዶው እስኪቀልጥ።»

«በዚያ መንገድ ብቻህን?»

«ሁለተኛ ሰው አልፈልግም አልኳቸው። እኔን አምኖ ከጎኔ የሚቀመጥ ደግሞ ማን አለ?» ፈገግ አለ። ያ ፈገግታ... እግዚአብሔር ያሳያችሁ የምለው ሰው የለኝም፣ ለወረቀቱ እላለሁ፤ እመለሳለሁ የሚል ሰው ፊት አልነበረም።

ሳሩን አይቼ ገደሉን ሳላይ እያልኩ ስቆጭ የከረምኩት በካባው ነበር። ካባው ምን አደረገ? ካባ ነው። አንዲት ቃል ብናገር ይሄ ልጅ ይተኛል። አንዲት ቃል ብናገር ልጄን አጣለሁ። ይሄንን ነው አርባ ቀን ሙሉ ስመዝን የቆየሁት፤ በየቀኑ የምትከብደው የእኔው ልጅ ናት።

ፌብሩዋሪ 3

ረቡዕ። አርባ ስድስት።

ቁርስ ላይ ነገርኳት። ገንፎ እያበላኋት ነበር፤ ማንኪያውን አስቀመጥኩ። «ከረጢቱን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ይሸታል ብዬ። ያቺ ሴትዮ እንዳትስቅብን ብዬ።» ይሄው ነው። አርባ ቀን የፈጀ ነገር ተናግሬ ስጨርስ ገንፎው እንኳ አልቀዘቀዘም።

  ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት፣ «ደውዪለት» አለች።

«ምን ልበለው?»

«ለኔ ያልሽውን።»

ደወልኩ። ሃያ ደቂቃ አልሞላም፣ መጣ። ቆሞ ሰማኝ። ከዚያ መግቢያው ላይ፣ ጫማ የምንፈታበት ላይ ቁጭ አለ። «አስቀምጬው ነበር» አለ። «ቱያ፣ አስቀምጬው ነበር እኮ።» ጉልበቱን ይዞ እንደ ልጅ አለቀሰ። እኔን አልሰደበኝም። ቢሰድበኝ ምን ነበረበት?

ቱያራ በፋሻ የተጠቀለለ እጇን ጭንቅላቱ ላይ አደረገች። ከዚያ ወደኔ ዞረች።

«አልብሺኝ። እሱ ጋ ነው የምሄደው።»

ጥንቸሌን ላወርድላት ስንጠራራ፣ «የአንቺን አይደለም» አለች። ኤርቺም የሥራ ጃኬቱን አውልቆ ሰጠኝ፤ የነዳጅ እድፍ ያለበት፣ ወፍራም። ሊረዳት ሲል፣ «አንተ ተው» አለችው፣ «እሷ ታልብሰኝ።»

ቀኝ እጇን አስገባሁ፣ ፋሻው እንዳይጎተት ቀስ ብዬ። ግራውን አስገባሁ። እጅጌው እጇን አልፎ ተንጠለጠለ። ዚፑን ከታች ይዤ ሳብኩት። በሆዷ፣ በደረቷ፣ እስከ አገጯ። በሙሉ ዓይኗ ታየኝ ነበር፤ እኔ ዚፑን ነበር የማየው።

«ይበቃል» አለች።

እጄን አነሳሁ።